«ካልታየ የለም» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ፦ የሌዘር ሌንስን የሚጎዳው አቧራ ብቻ አይደለም

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ በሌዘር መቁረጫና መቅረጫ ማሽን የምንተዳደር ሰዎች ስልክ ላይ አንድ ጽሑፍ ሲዘዋወር ከርሟል። አንዳንዱ «አንብበው፣ ሀቁን ነው የጻፉት» ብሎ ልኮልኛል። አንዳንዱ ደግሞ «እስከ ዛሬ በከንቱ ስታስፈራራን ነበር ማለት ነው» ብሎ ሊያበሽቀኝ። ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ የተጻፈ ነው። ያስቃል። ጸሐፊውም ማሽን ከፍተው የሚያውቁ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ዝም ማለት ያልፈለግኩትም ለዚህ ነው። ነገሩን የማያውቅ ሰው ቢጽፈው ኖሮ ማንም ከቁብ አይቆጥረውም ነበር።

መጀመሪያ የሚሉትን ላስቀምጥ። የሌዘር ሌንስና መስታወት ላይ ያለውን ስስ ሽፋን፣ እኛ ኮቲንግ የምንለውን፣ የሚያበላሸው አቧራ ነው ይላሉ። አቧራ ደግሞ በዓይን ይታያል፤ በባትሪ አይተህ ካጣኸው የለም። ኤሲና ጥሩ የአየር ማጣሪያ ካለህ ጭራሽ አታስብ። በፓወር ሜትር ሲለካ ኃይሉ ካልቀነሰ ሌንሱ ንጹሕ ነው። ለማንኛውም በየሳምንቱ በአልኮል ጥረገው፣ ጣጣው ያልቃል። ከአየር ላይ የሚያርፍ የማይታይ ቆሻሻን በመሣሪያ ማደን የትልልቅ ላቦራቶሪዎች ቅንጦት ነው፤ ከጣና ንጹሕ አየር ለሚነፍስበት፣ ፋብሪካ ላልበዛበት ከተማ አይሆንም። ፍሬ ነገሩ ይኼ ነው። ያጎደልኩባቸው ያለ አይመስለኝም።

በባትሪው ልጀምር፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ግማሽ መንገድ አብረን እንሄዳለን። ክፍሉን አጨልሞ፣ ባትሪውን በጎን የሌንሱን ገጽ ታክኮ እንዲያልፍ አድርጎ ማብራት አቧራ ለመፈለግ ጥሩ ዘዴ ነው። ትልልቅ ላቦራቶሪዎችም ይሠሩበታል። ቅንጣቱ ብርሃኑን ስለሚበትን ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ደረቅ ጊዜ፣ ባጃጅ ያስነሳው አቧራ በር በተከፈተ ቁጥር በሚገባበት ሱቅ፣ ይኼን ምክር በየቀኑ መተግበር ነው።

ግን ከአየር ላይ የሚያርፈው ቅንጣት ብቻ አይደለም። ተንም አለ። ጎረቤት ያለው ሶፋ ቤት ማስቲሽ ሲቀባ የሚወጣው ተን፣ የቲነርና የቫርኒሽ ተን፣ አክሪሊክ የሚባለው ብርጭቆ መሳይ ፕላስቲክ ሲቆረጥ አፍንጫ የሚሰነፍገው ሽታ፣ ከአዲስ የገመድ ልባስና ከሲሊኮን ጎማ ቀስ እያለ የሚወጣው ቅባት። ይኼ ሁሉ የሚያርፍበት ገጽ ሲያገኝ ሞለኪውል በሞለኪውል ይቀመጣል። ውፍረቱ የናኖሜትር ነገር ነው። የሰው ፀጉር 70,000 ናኖሜትር ገደማ ይወፍራል፤ እኛ የምናወራው ስለ 10 ናኖሜትር ነው። ወጥ ሆኖ የተነጠፈ ስስ ንብርብር ብርሃን ስለማይበትን ባትሪው ምንም አያሳይም። ሌንሱ ጥርት ብሎ ይታያል። የወጥ ቤት ግድግዳ ማለት ነው፦ ዘይቱ ሲያርፍበት አይታይም፤ የሚታየው ቆይቶ አቧራ ሲለጠፍበት ነው።

«የማይታይ ነገር ምን ይጎዳል?» ለሚለው ጥያቄ ካሊፎርኒያ ያለውን የሎውረንስ ሊቨርሞር ላቦራቶሪ ማንሳት ይቻላል። እዚያ 192 የሌዘር ጨረሮች ያሉት ተቋም አለ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 5 ቀን 2022 ኢላማው ላይ 2.05 ሜጋጁል የሌዘር ኃይል አሳርፎ 3.15 ሜጋጁል የአቶም ውህደት (ፊውዥን) ኃይል ያገኘው እሱ ነው። ብዙዎቹ ሌንሶቹ የተሸፈኑት በቀዳዳ የተሞላ ስስ ሲሊካ ነው። ሽፋኑ ብርሃን እንዳይመለስ የሚያደርገው ቀዳዳዎቹ አየር ስለያዙ ነው። የቅባት ተን ቀዳዳዎቹን ሲሞላቸው ሽፋኑ እንደ ተራ ብርጭቆ መሆን ይጀምራል። ሽፋን የሌለው ብርጭቆ ደግሞ በአንድ ገጹ ብቻ 4 በመቶ የሚጠጋ ብርሃን ይመልሳል። እዚህ ውስጥ አንዲት የአቧራ ቅንጣት የለችም። በባትሪ የሚታይ ነገርም የለም። ጥፋቱ ግን አለ። እንዲህ ዓይነት ቦታ ውስጥ ማጣበቂያና ጎማ ከመግባቱ በፊት ምን ያህል ተን እንደሚያወጣ የሚፈተሸው ለዚህ ነው።

የማጣሪያውን ነጥብ ቶሎ ልለፈው። ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ 0.3 ማይክሮሜትር የሆኑ ቅንጣቶችን 99.97 በመቶ ይይዛል። የማስቲሽ ተን ሞለኪውል ግን ከ1 ናኖሜትር ያነሰ ነው፤ በማጣሪያው መሐል እንደ ልቡ ያልፋል። ተን የሚይዘው ሌላ ነገር ነው፣ አክቲቭ ካርቦን የሚባለው ልዩ ከሰል። ኤሲም ቢሆን ያንኑ የክፍሉን አየር ነው የሚያዞረው። ክረምት ላይ ደግሞ ሌንሱን ከልክ በላይ ካቀዘቀዘው ጤዛ ያስቋጥርበታል።

«ዝግ ቦታ ውስጥ ያለ ሌንስ አይቆሽሽም» የሚል አረፍተ ነገርም ጽሑፉ ውስጥ በጨረፍታ አለ። ይኼን አጥብቄ ነው የምቃወመው። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ኤዮለስ የተባለችውን ሳተላይት ነሐሴ 22 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. አመጠቀ። ነፋስን ከጠፈር ላይ በ355 ናኖሜትር ሌዘር ትለካ ነበር። መጀመሪያ የታቀደው እ.ኤ.አ. በ2007 እንድትመጥቅ ነበር። ካዘገዩዋት ነገሮች አንዱ ይኼው የእኛ ጉዳይ ነው። አየር በሌለበት፣ አቧራ በማይታሰብበት ቦታ፣ ከራሷ ከመሣሪያዋ የሚወጣው ጥቂት የኦርጋኒክ ተን በአልትራቫዮሌቱ ጨረር ሌንስ ላይ እየተጋገረ ይጠቁር ነበር። መፍትሔው ሌዘሩ ያለበት ሳጥን ውስጥ በጣም ጥቂት ኦክስጅን መልቀቅ ሆነ፤ ግፊቱ 40 ፓስካል ገደማ። ኦክስጅኑ የሚጋገረውን ካርቦን እግር በእግር ያቃጥለዋል። የቴሌኮም ፋይበር መስመሮች ውስጥ ያሉት 980 ናኖሜትር ሌዘሮችም ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው። በናይትሮጅን ተሞልተው ታሽገው ሳለ፣ እሽጉ ውስጥ የቀረ ትንሽ የኦርጋኒክ ተን ፊታቸው ላይ ካርቦን ያስቀምጥ ነበር። እዚያም ያዳነው ኦክስጅን ነው። ማሸግ ከውጭ የሚመጣውን ይከለክላል። ከውስጥ የሚወጣውን ግን አብሮ ነው የሚያሽገው።

አሁን ወደ ፓወር ሜትሩ። የጽሑፉ ምሰሶ እሱ ነው፤ ብዙ ሰው ያሳመነውም እሱ ነው።

«ፓወር ሜትር አይዋሽም» ይላሉ ጸሐፊው። ልክ ነው፣ አይዋሽም። ግን የሚለካው ያለፈውን ብርሃን ነው። ኮቲንጉን የሚያቃጥለው ሳያልፍ የቀረው ነው። እስቲ ቁጥር እናስቀምጥ። 100 ዋት የሚሰጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር እንውሰድ፤ ሞገዱ 10.6 ማይክሮሜትር፣ ሌንሱ ዚንክ ሴሌናይድ ከሚባል ቁስ የተሠራ። አዲስና ንጹሕ ሌንስ ከሚያልፍበት ብርሃን 0.2 በመቶ ገደማ ይውጣል። ያ 0.2 ዋት ነው። አሁን የኤምዲኤፍ፣ የተጨመቀው የእንጨት ሰሌዳ፣ ጭስ ሙጫውን አሳርፎበት ተጨማሪ 1 በመቶ ይውጥ እንበል። ሌንሱ ላይ የሚቀረው 1.2 ዋት ሆነ። ስድስት እጥፍ! ፓወር ሜትሩስ ምን አየ? 99.8 የነበረው 98.8 ሆነ። ሱቃችን ውስጥ የሚገኙት ሜትሮች በ3 ወይም በ5 በመቶ መሳሳት ይፈቀድላቸዋል። ቱቦው ራሱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ከ1 በመቶ በላይ ይዋዥቃል። እንግዲህ ሌንሱ ስድስት እጥፍ እየጋለ ሜትሩ «ሰላም ነው» ይላል።

ከዚያ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሌንሱ ከጠርዙ ይልቅ መሐሉ ይሞቃል። የሞቀ ዚንክ ሴሌናይድ ብርሃንን የበለጠ ስለሚሰብር ፎከሱ ከቦታው ይንሸራተታል። አክሪሊኩ እንደ ጠዋቱ ጥርት ብሎ አይቆረጥም፤ ጠርዙ ይሞዣል፣ ከታች ይንጠለጠላል። የምረቃ ሰሞን ነው፣ ደንበኛ ቆሟል። ኦፕሬተሩ ምን ያደርጋል? ፓወር ይጨምራል ወይም ፍጥነት ይቀንሳል። ሁለቱም ጭስ ይጨምራሉ። ጭሱ ሌንሱ ላይ ሙጫ ይጨምራል። አንድ ቀን «ጧ» የሚል ነገር ይሰማል። ያን ጊዜ ፓወር ሜትር ብታመጣ በርግጥ ይነግርሃል።

እንዲህ የሄዱ ሌንሶችን አይቻለሁ። መሐሉ ላይ ምስር የምታክል ቡናማ ክብ አለች። ጠርዟ ለስላሳ አይደለም፤ በማጉያ ሲታይ ኮቲንጉ በትናንሽ ቅርፊት ተነስቷል። ከክቧ ውጭ ያለው የሌንሱ ክፍል ግን እንደ አዲስ ያበራል። አቧራ ቢሆን ጥፋተኛው፣ ነጠብጣቡ እዚህም እዚያም ተበታትኖ በተገኘ ነበር።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምለቅላቸው ነገር አለ። የንብርብሩ ጉዳት በሞገዱ ይወሰናል። በ10.6 ማይክሮሜትር የሚሠራ የቅርጻ ቅርጽ ማሽን ጥቂት ናኖሜትር ስላረፈበት አይሞትም፤ ወፍራም የጭስ ሙጫ ይፈልጋል። ለዓይን ቀዶ ሕክምና እንደሚውለው የ193 ናኖሜትር ሌዘር ያለው ግን ሌላ ነው። የእሱ ፎቶን፣ ማለትም አንዷ የብርሃን ቅንጣት፣ 6.4 ኤሌክትሮን ቮልት ኃይል አለው፤ በካርቦንና በካርቦን መካከል ያለውን ትስስር ለመበጠስ 3.6 ገደማ ይበቃል። ያረፈውን ተን ሰባብሮ መልሶ ያጋግረዋል። ስለዚህ ለአንድ ዓይነት ማሽን የሠራ ልምድ ለሁሉም አይሠራም። ጽሑፉ ግን «የሌዘር ማሽን» ብሎ ሁሉንም በአንድ ቅርጫት ከቶታል።

የአልኮሉ ምክር ደግሞ በግማሽ ጥሩ፣ በግማሽ አደገኛ ነው። የጭስ ሙጫ ትኩስ እያለ በአይሶፕሮፒል ወይም በአሴቶን ይወጣል። ነገር ግን ጨረር የጋገረው ንብርብር በአልኮል አይላቀቅም። ቀዳዳማውን የሲሊካ ሽፋንማ በጨርቅ መንካት ራሱ ጥፋት ነው። በየሳምንቱ «ለማንኛውም» ብሎ የሚጠረግ ሌንስ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ጠረጋ ጭረት የመፍጠር ዕድል አለው፤ በተለይ ገና አቧራው ሳይነሳ ጨርቅ ከተጎተተበት። ንጹሕ ሌንስ አይጠረግም። ንጹሕ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ማየት ወይም መለካት ያስፈልጋል፤ ጸሐፊው አያስፈልግም ያሉትን ማለት ነው። በኮምፕሬሰር አቧራ የሚያስነሱ ልጆችም አሉ። ከዘይትና ከውሃ ማጣሪያ ያላለፈ የኮምፕሬሰር አየር ራሱ ቅባት ይረጫል። በእጅ የምትጨመቀዋ የጎማ መንፊያ ትሻላለች።

ስለ ጣና አየር የተጻፈውን ሳነብ ፈገግ ብያለሁ። እንደ ባሕር ዳር ሰው ደስ ይላል። እንደ ቴክኒሻን ግን አልዋጠልኝም። ቀን ላይ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፣ እውነት ነው። ማታ ግን ይገለበጣል፤ ከየብስ ወደ ሐይቁ ይሆናል። የማታው ነፋስ የሚያመጣው የከሰልና የባሕር ዛፍ ጭስ ነው፤ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ደግሞ የገለባ ጭስ ይታከልበታል። የቀኑም ነፋስ እርጥበት ይዞ ነው የሚመጣው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ በትነት የተሠራ ርካሽ ኮቲንግ ውሃ ይጠጣል፤ ያን ጊዜ የሚያሳልፈው ሞገድ ራሱ በትንሹ ይሸሻል። ማታ መስኮት ከፍቶ በፍሎረሰንት የሚሠራ ሰው ደግሞ የሐይቁን ትንኝ ያውቃታል። አንዷ መስታወት ላይ ብታርፍና ጨረር ቢያገኛት ምልክቷ እዚያው ይቀራል። «ፋብሪካ አልበዛበትም» ለተባለው፣ ጨርቃ ጨርቁ በእኛ አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ጀምሮ እዚሁ ከተማ አለ። ግን የእኔ ክርክር እሱ ላይ አይደለም።

ክርክሬ፣ የውጩ አየር ሁለተኛ ነው የሚል ነው። አንደኛው የክፍሉ አየር ነው። እዚሁ ባሕር ዳር ፔዳና ፖሊ የሚባሉት ሰፈሮች አካባቢ ያሉ ሱቆችን አስቡ። ከጎን ሶፋ ቤት፣ ከኋላ ቀለም የሚረጭ ብረት በያጅ። ማሽኑ የቆረጠው ጭስ በማስወጫው ፋን በደንብ አይወጣም፤ ቱቦው ረጅምና የተጣመመ ነው፣ ወይም መብራት በጠፋ ጊዜ ጄኔሬተሩ ለማሽኑ እንዲበቃ ተብሎ ፋኑ ተነቅሏል። ከሰዓት ላይ ደግሞ ቡና ይፈላል። እዚያው ማሽኑ አጠገብ ዕጣን ይጨሳል። ዕጣን ሙጫ ነው። ሲጨስ ደቃቅ ቅንጣትም የሚያጣብቅ ቅባታማ ተንም ይለቃል፤ ጥሩ መዓዛው ራሱ ተን ነው። ቡናውን ተዉ የሚል ሰው ባሕር ዳር ውስጥ ሰሚ አያገኝም፣ እኔም አልልም። የማሽኑ ክዳን ግን ይዘጋ፣ ወይም ረከቦቱ በረንዳ ላይ ይውጣ።

«ቅንጦት ነው» ወደሚለው ልለፍ። ጸሐፊው በዓይነ ሕሊናቸው ያዩት የጋዝ ክሮማቶግራፍ ይመስለኛል። አየር በልዩ ዱቄት በተሞላ ቱቦ ተስቦ፣ ቱቦው ላቦራቶሪ ሄዶ፣ ውስጡ ያለው ተን በስም በስሙ የሚለይበት መሣሪያ። አዎ፣ እሱን ሱቅ ውስጥ ማንም አያስገባም። ግን ከዚያ ወዲህ ብዙ መንገድ አለ።

ከሁሉ ርካሹ ምስክር ማስቀመጥ ነው። ሁለት የማይክሮስኮፕ ስላይድ በሳሙና ይታጠባል፣ በተጣራ ውሃ ይለቀለቃል፣ በንጹሕ አሴቶን ያልቃል። አንዱ ማሽኑ ውስጥ፣ ጨረሩ የማይደርስበት ግን ከሌንሱ ብዙም ያልራቀ ቦታ ይቀመጣል። ሌላው በአሉሚኒየም ፎይል ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ይቆያል። ፌስታል ውስጥ እንዳይገባ! ፌስታሉ ራሱ ቅባት ይሰጠዋል፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ምስክሮች ሐሰተኛ ይሆናሉ። ሳምንታት ቆይቶ በሁለቱም ላይ አንድ አንድ ጠብታ የተጣራ ውሃ ይደረጋል። ንጹሕ ብርጭቆ ላይ ውሃው ይንጣለላል፣ ጠፍጣፋ ይሆናል። ቅባት ባረፈበት ላይ ግን ተሰብስቦ ጉብ ይላል። በስልክ ከጎን ፎቶ ካነሱት ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በአፍ ትንፋሽም ይሞከራል፤ ጉሙ ሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት አይሆንም። ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1911 ስለዚሁ የትንፋሽ ጉም ጽፎ ነበር፤ የቆየ ዘዴ ነው። ትንፋሹ ግን ለምስክሩ ነው፣ ለሌንሱ አይደለም።

አንድ ሦስተኛ ስላይድ ካለ በቁመት ይቁም። አቧራ በስበት ስለሚወርድ የተኛው ላይ ይበዛል። ተን ግን ለተኛውም ለቆመውም አያዳላም። የቆመው ስላይድ ላይ ውሃው ጉብ ካለ፣ ችግሩ መጥረጊያ የሚፈታው አይደለም፤ ከየት እንደሚመጣ ይፈለግ።

ትንሽ ኤሌክትሮኒክስ ለሚነካካ ሰው ደግሞ የኳርትዝ ክሪስታል ሚዛን አለ። ጀርመናዊው ጉንተር ዛወርብራይ እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳየው ነገር ቀላል ነው፦ ክሪስታሉ ላይ ክብደት ሲያርፍ ንዝረቱ ይቀንሳል። በ5 ሜጋኸርትዝ ክሪስታል ላይ የ1 ኸርትዝ ለውጥ በካሬ ሴንቲሜትር 17.7 ናኖግራም ማለት ነው። ቅድም ያልነው፣ በባትሪ የማይታየው የ10 ናኖሜትር ንብርብር፣ እፍጋቱን እንደ ውሃ ብንወስደው በካሬ ሴንቲሜትር 1,000 ናኖግራም ይመዝናል። ያ ከ56 ኸርትዝ በላይ ነው። ተራ ፍሪኩዌንሲ ቆጣሪ ይይዘዋል። ፈተናው ሌላ ነው። ሙቀትና እርጥበትም ኸርትዙን ያንቀሳቅሱታል፤ በእኛ ክረምት ደግሞ በደንብ። ስለዚህ ጥንድ ይደረጋል። አንዱ ለአየሩ የተጋለጠ፣ አንዱ የታሸገ፤ የሚነበበው ልዩነታቸው ነው። የምህንድስና ተማሪ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ቢይዘው የማያሳፍር ሥራ ነው።

ሦስተኛው ለእኔ ሱቅ ውስጥ የሚያዋጣው ነው፦ ሌንስ መያዣው ላይ የሚለጠፍ ትንሽ የሙቀት ሴንሰር። አዲስ ሌንስ ሲገባ፣ በአንድ ዓይነት ሥራ መያዣው ስንት ዲግሪ እንደሚሞቅ ይጻፋል። ሥራው ሳይቀየር ያ ቁጥር ከጨመረ፣ ሌንሱ ብርሃን መዋጥ ጀምሯል። ትልልቆቹ የብረት መቁረጫ ፋይበር ሌዘሮች የመከላከያ መስታወታቸውን ሙቀትና የሚበተነውን ብርሃን የሚከታተሉ ሴንሰሮች ጭንቅላታቸው ውስጥ አሏቸው። ፓወር ሜትር ይበቃል ቢባል ኖሮ ያን ሁሉ ባልደከሙ ነበር።

የገንዘቡን ነገር ጸሐፊው ገልብጠው ያዩት ይመስለኛል። መለዋወጫ በቅርብ የሚያገኝ ሰው ሌንስ ተቃጥሎ ቢያውቅ አይጎዳም፤ በማግስቱ ይቀይራል። እኛ ግን ከአዲስ አበባ እስኪመጣ፣ አንዳንዴም ከቻይና እስኪመጣ ነው የምንጠብቀው። ማሽኑ ቆሞ የቤት ኪራዩ አይቆምም። ቀድሞ ማወቅ የሚያስፈልገው ለእኛ ነው።

የመጨረሻው አቤቱታዬ ክርክር አይደለም፣ እርማት ነው። ጽሑፉ ውስጥ «የተሰነጠቀ ሌንስ እንኳ ጥቁሩን በአሸዋ ወረቀት ፈግፍገህ ለጊዜው ልትሠራበት ትችላለህ» የሚል ምክር አለ። ይኼን እባክዎ ያንሱት። ዚንክ ሴሌናይድ ውስጥ ሴሌኒየም አለ፤ ዱቄቱም ሆነ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ መርዛማ ነው። የተሰነጠቀ ሌንስ በጓንት ይነሳል፣ ስብርባሪው በእርጥብ ወረቀት ይለቀማል፣ ተጠቅልሎና ታሽጎ ይወገዳል። መጥረጊያ አይነካውም፣ በባዶ እጅም አይያዝም። ጽሑፉን ያጋራችሁ ሰዎችም፣ ከእኔ ጋር በሌላው ሁሉ ባትስማሙ እንኳ፣ ይቺን እርማት ከሥሩ አያይዙልኝ።